ኦቶ ዋርቡርግ፦ የህዋስን ትንፋሽ የለካው ሰው

መነሻ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና ኮምቦልቻንና ሐርቡን ካለፈ በኋላ የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ከሚሴ ይገባል። በዚህ ቆላማ አገር ገበሬው ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራል። ጓያ የደጋው የመረሬ መሬት ሰብል በመሆኑ ወደ ከሚሴ የሚደርሰው በጆንያ ተጭኖ ለገበያ ነው፤ ከእህሉ ጋርም ወሬው አብሮ ይወርዳል። ጓያ የሚፈላበት ድስት እንፋሎቱ ያገኘው ሰው እግሩ እንደሚያዝ፣ በጓያ ገለባ ላይ የተኛም ሽባ ሆኖ እንደሚነሣ በልጅነቴ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ወሬው ስለ መንገዱ ቢሳሳትም ስለ ጉዳቱ አልተሳሳተም። ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፣ እንቅስቃሴን ከሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ወደ አከርካሪ የሚወርዱትን የነርቭ ህዋሳት ይጎዳል። ታማሚው እግሩ ይገተራል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፣ ጉልበቱና ጉልበቱ እየተሳሰሩ በአንድ፣ ኋላም በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ ሕመሙ የጸናበት ጨርሶ ከመሬት አይነሣም። አእምሮውና ንግግሩ ግን እንደ ነበሩ ይቆያሉ። የደረሰው ጉዳት አይመለስም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃውም ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያለውን ወጣት ወንድ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በአካባቢው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ በዳውንትና ደላንታ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዳውንትና ደላንታ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የተረፈው ድርቅን የሚችለው ጓያ ነበር፤ ሰዉ እያወቀ በላው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ታመመ።

በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ቤታ-ኦዳፕ የተባለ የአሚኖ አሲድ ዓይነት መሆኑ በ1964 በህንድ ተለይቶ ታውቋል። የማስተርስ ጥናቴን ለመንደፍ ንባብ ስጀምር የያዝኩት ጥያቄ፣ ይህ መርዝ በአንዲት የነርቭ ህዋስ ውስጥ የኃይል ምርትን በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል መጠን እንደሚያዛባ ነበር። ጥያቄው ከህዋስ ያነሰ መለኪያ ይፈልጋል፤ ስለዚህም በናኖሜትር ስለሚለኩ ሴንሰሮች ማንበብ ያዝኩ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ወደ አንድ የቆየ ጽሑፍ ይመራል፤ የቆየውም ወደ ባሰ የቆየ። የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። የህዋስ ሜታቦሊዝም በቁጥር ሊነገር እንደሚችል ካሳዩት ሁሉ የላቀው ጀርመናዊው ኦቶ ዋርቡርግ ነው። ሕይወቱን እዚህ ማቅረቤ ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ እርሱ በትክክል የለካውንና ከልኬቱ ተነሥቶ የተሳሳተበትን ለይቶ ማወቅ ዛሬ በአነስተኛው ሴንሰር ለሚሠራም የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ከፍራይቡርግ እስከ ናፖሊ

ኦቶ ሃይንሪሽ ዋርቡርግ በኦክቶበር 8 ቀን 1883 በደቡብ ጀርመን በፍራይቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤሚል ዋርቡርግ በጋዞችና በብርሃን ኬሚካዊ ውጤት ላይ የሠራ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ የፕሮቴስታንት እምነትን የተቀበለ ሰው ነበር። እናቱ ኤሊዛቤት ጌርትነር የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ነበረች። አባትየው በ1895 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲሾም ቤተሰቡ ወደዚያ ተዛወረ፤ ልጁም የዘመኑ ታላላቅ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰዎች በሚገቡበትና በሚወጡበት ቤት አደገ። የጋዝ ግፊት፣ የሙቀት መጠንና የብርሃን ጉልበት ለሌላው ተማሪ የመጽሐፍ ቃላት ሲሆኑ ለእርሱ የቤት ወሬ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በበርሊን በኤሚል ፊሸር ዘንድ ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1906 ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ ወደ ሃይደልበርግ ሄዶ ሕክምና ተማረ፤ በ1911ም የሕክምና ዶክተር ሆነ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የካንሰርን ምንጭ የማግኘት ምኞት ነበረው፤ ምኞቱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። ኋላ እንደምናየው ያነሣውም ያሰናከለውም ይኸው ምኞት ነው።

የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ግን በካንሰር ላይ አልነበረም። በጣሊያን ናፖሊ ባሕር ዳር በሚገኘው የእንስሳት ጥናት ጣቢያ የባሕር ጃርት እንቁላል ይመረምር ነበር። በ1908 እንቁላሉ ከጸነሰ በኋላ የሚወስደው ኦክስጅን እስከ ስድስት እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። ለዓይን ምንም ያልተለወጠ የሚመስል አንድ ፍሬ እንቁላል በውስጡ ሥራ መጀመሩ የታወቀው በትንፋሹ ብዛት ነው። ህዋስን ገድሎና ፈጭቶ ከምን እንደ ተሠራ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በሕይወት እያለ ምን እንደሚሠራ በቁጥር መጠየቅ እንደሚቻል ይህ ሥራ አመለከተ።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በበርሊን ዳህለም በካይዘር ቪልሄልም ማኅበር የባዮሎጂ ተቋም ቦታ አገኘ። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ዋርቡርግ በፈቃዱ ወደ ፈረሰኛ ጦር ገብቶ ዘመተ፣ ቆሰለ፣ የብረት መስቀል ሜዳይ ተሸለመ። በ1918 የአባቱ ወዳጅ አልበርት አይንስታይን ግንባሩን ትቶ ወደ ቤተ ሙከራው እንዲመለስ የሚያግባባ ደብዳቤ ጻፈለት፤ እርሱም ተመለሰ። ፈረስ መውደዱን ግን ከጦሩ ይዞ መጣ፤ እስከ እርጅናው ማለዳ ማለዳ ይጋልብ ነበር።

ጠርሙሱና ስስ ቁራጩ

ዋርቡርግ ስሙን ያስጠራበት መሣሪያ ሲታይ እጅግ ተራ ነው። አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ናት። በመካከሏ ትንሽ ጉድጓድ አላት፤ በጉድጓዷ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመጥጥ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ይደረጋል። በዙሪያው ህዋሳቱ በምግባቸው ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጠርሙሷ እንደ ዩ ፊደል ከታጠፈ ቀጭን ቱቦ ጋር ትገናኛለች፤ ቱቦው ውስጥ ቀለም የገባበት ፈሳሽ አለ። ይህ ሁሉ ሙቀቱ በማይለዋወጥ የውሃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ያለ ማቋረጥ ይናወጣል። ህዋሳቱ ኦክስጅን ሲወስዱ፣ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድም በመካከሉ ጉድጓድ ሲመጠጥ፣ በጠርሙሷ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የቱቦው ፈሳሽም ከፍ ይላል። የከፍታው ለውጥ በሚሊሜትር ተነብቦ ህዋሳቱ የወሰዱት የኦክስጅን መጠን ይሰላል።

መርሁን ከዋርቡርግ በፊት የደም ጋዝ ያጠኑ እንግሊዛውያን ይጠቀሙበት ነበር። የእርሱ ድርሻ መሣሪያውን ለህያው ቲሹ ማስማማቱ ነው፤ እዚህም ላይ የአባቱ ልጅነት ታየ። በዚያ ዘመን ቲሹ የሚጠናው ተከትፎ ወይም ተፈጭቶ ነበር፤ የተፈጨ ህዋስ ደግሞ እንደ ቆሰለ ህዋስ ነው። ቁራጩ ወፍራም ከሆነ ኦክስጅን መሐሉ ድረስ አይደርስም፤ መሐሉ ይታፈናል፤ ልኬቱም የታፈነና ያልታፈነ ህዋስ ድብልቅ ይሆናል። ዋርቡርግ ኦክስጅን በቲሹ ውስጥ የሚሰርግበትን ፍጥነትና ህዋሱ የሚበላበትን ፍጥነት አነጻጽሮ፣ ቁራጩ ሊኖረው የሚገባውን ከፍተኛ ውፍረት በሒሳብ አወጣ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ሆነ። በምላጭ የተቆረጠ እንዲህ ያለ ስስ ቁራጭ አብዛኞቹ ህዋሳቱ ሳይጎዱ ለሰዓታት ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የአንጎልና የዕጢ ቁራጭ በየጠርሙሱ ገብቶ እርስ በርሱ ሊወዳደር ቻለ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ይህን መሣሪያ በአይጥ የካንሰር ዕጢ ላይ ሲያውለው ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ጤናማ ቲሹ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ግሉኮስን እስከ መጨረሻው ያቃጥላል፤ ወደ ማብላላት የሚዞረው አየር ሲያጣ ነው። ጠላ የጠነሰሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጋኑ አፉ ተከድኖ ካልታሸገ ጠላው ጠላ አይሆንም። የዕጢው ቁራጭ ግን ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ግሉኮስን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ ያብላላ ነበር። ይህ ግኝት ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ልኬቱ ጸንቶ ይገኛል። ሐኪሞች ዕጢ የተሰራጨበትን ቦታ በፔት ምርመራ ሲፈልጉ የሚያዩት ግሉኮስን አብዝቶ የሚስበውን ቲሹ ነው።

ዋርቡርግ ግን በልኬቱ አልቆመም። የካንሰር መነሻው የህዋሱ መተንፈሻ መሰበሩ ነው፤ መተንፈስ ያቃተው ህዋስ ለመኖር ሲል ወደ ማብላላት ይዞራል፤ ካንሰርም ከዚያ ይወለዳል የሚል ድምዳሜ ሰጠ። ጠርሙሱ ያሳየው ማብላላቱን ነው፤ የመተንፈሻውን መሰበር አላሳየም። እንዲያውም የእርሱ የራሱ ዕጢዎች ብዙዎቹ በርከት ያለ ኦክስጅን ይወስዱ ነበር። በ1950ዎቹ ሲድኒ ዋይንሃውስና ሌሎች አሜሪካውያን የብዙ ዕጢዎች መተንፈሻ ያልተሰበረ መሆኑን አሳዩ፤ ዋርቡርግ አልተቀበላቸውም። ከልኬት ወደ ምክንያት የሚወስደው እርምጃ አጭር መስሎ መታየቱ የዚህ ሰው ትልቁ ፈተና ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከጋዝ ወደ ብርሃን

ቀጥሎ ያነሣው ጥያቄ ኦክስጅን በህዋስ ውስጥ ምን ላይ እንደሚያርፍ ነበር። በተዘጋ ቤት የሚጤስ ከሰል ሰው የሚገድልበት ካርቦን ሞኖክሳይድ የእርሾን ትንፋሽም እንደሚያግድ ተመለከተ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን እገዳው ይላላል። ስለዚህ በተለያየ ቀለም ብርሃን እያበራ የትኛው ቀለም እገዳውን ምን ያህል እንደሚፈታ በማኖሜትሩ ለካ። የተገኘው ንድፍ ኦክስጅንን የሚቀበለው ኢንዛይም የብርሃን አመጣጠጥ መልክ ነበር፤ መልኩም ከደም ቀይ ቀለም ጋር የሚዛመድ፣ ብረት የያዘ ነገር መሆኑን መሰከረ። ኢንዛይሙን ማንም ሊያወጣው ወይም ሊያጠራው በማይችልበት ዘመን፣ በህያው ህዋስ ውስጥ እንዳለ መልኩን ማንበብ መቻሉ እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ለዚህ ሥራ በ1931 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የታነጸው የካይዘር ቪልሄልም የህዋስ ፊዚዮሎጂ ተቋም በዳህለም ተከፈተ፤ አለቃውም እርሱ ሆነ።

ብዙ ሰው የዋርቡርግን ሕይወት በኖቤሉ ይደመድማል። በእኔ አስተያየት ለዛሬው የነርቭ ጥናት ይበልጥ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው። በ1932 ከቫልተር ክሪስቲያን ጋር ከእርሾ ቢጫ ኢንዛይም ለየ። ቀጥሎም ኤሌክትሮን ከምግብ ወደ መተንፈሻው ሰንሰለት የሚያመላልሱት ተባባሪ ኢንዛይሞች የሚሠራባቸው ክፍል ኒኮቲናማይድ መሆኑን አሳየ። ኒኮቲናማይድ የቫይታሚን ቢ ወገን ነው፤ በ1937 በአሜሪካ የፔላግራ መድኃኒት ከዚሁ ወገን መሆኑ ሲታወቅ የምግብ ጉድለትና የህዋስ ኃይል በአንድ ገመድ ተያያዙ።

ከሁሉ የበለጠው ግን አንድ ቁጥር ነው፤ 340 ናኖሜትር። ዛሬ ኤንኤዲኤች የምንለው ተባባሪ ኢንዛይም ኤሌክትሮን ሲሸከም በዚህ የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይመጥጣል፤ ሸክሙን ሲያራግፍ አይመጥጥም። እንግዲህ ጋዝ መለካት ሳያስፈልግ፣ ብርሃን አሳልፎ የጎደለውን በማንበብ ብቻ የኢንዛይም ሥራ በሰከንድ ሊታይ ቻለ። በአገራችን ሆስፒታሎች የጉበት ኢንዛይም ሲመረመር ማሽኑ የሚያነብበው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ የ340 ናኖሜትር ለውጥ ነው። ደሙን የሚሰጠው ታካሚ ቀርቶ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ እንኳ የዋርቡርግን ስም ላያውቅ ይችላል።

የቤተ ሙከራው አያያዝም መታወቅ ይገባዋል። ዋርቡርግ ከባለ ዲግሪ ይልቅ እጁ የታመነ ባለሙያ ይመርጥ ነበር፤ ከቅርብ ረዳቶቹ አንዱ ኤርቪን ኔገላይን በመሣሪያ ሠሪነት የጀመረ ሰው ነው። ከ1926 እስከ 1930 በዚያ የሠራው ሃንስ ክሬብስ የስስ ቁራጩንና የማኖሜትሩን ጥበብ ይዞ ወጣ። ስዊድናዊው ሁጎ ቴዎሬልም ቢጫውን ኢንዛይም ያጠራው በዚሁ ቤት ነው። ሁለቱም ኋላ የኖቤል ተሸላሚዎች ሆኑ።

የዝምታ ዓመታት

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ክሬብስ ይሁዲ በመሆኑ ከፍራይቡርግ ሥራው ተባረረ፤ ማኖሜትሮቹን በሣጥን አድርጎ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1937 በሼፊልድ የሲትሪክ አሲድ ዑደትን ያገኘው በእነርሱ ነው። መምህሩ ግን ቀረ። በዘመኑ ሕግ ዋርቡርግ ከአባቱ የተነሣ ግማሽ አይሁድ ይባል ነበር። ይህም ሆኖ ተቋሙን እየመራ ቆየ፤ በ1941 ከሥራው ተነሥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በካንሰር ምርምር ላይ እንዲያተኩር ከላይ በመጣ ትእዛዝ ተመለሰ። ያተረፈው የገዥዎቹ የካንሰር ፍርሃት እንደ ሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ብዙዎች ይስማማሉ። በ1943 የአየር ድብደባው ሲበረታ ተቋሙ ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለው ወደ ሊበንበርግ ተዛወረ።

ስለዚህ ዘመን የሚጽፍ ሰው ፍርድ ከመስጠት ማምለጥ አይችልም። ዋርቡርግ የሥርዓቱ ደጋፊ አልነበረም። ነገር ግን ባልደረቦቹ እየተነቀሉ ሲሄዱ ጠርሙሶቹን ትቶ መሄድን ወይም በአደባባይ መቃወምን አልመረጠም። በስሙ ሊገነባለት የሚፈልግ የውጭ አገር ተቋም ማግኘት ከማይቸግራቸው ሰዎች አንዱ ስለነበረ፣ መቅረቱ አማራጭ ማጣት ነው ማለት ያስቸግራል። ሥራውን ከሁሉ አስቀደመ፤ ሥራውም ያለ ታላላቆቹ ተማሪዎቹ ቀረ። ከ1936 በኋላ ከዚያ ቤት የወጣው በጥራት ቢታወቅም በሐሳብ የቀደመውን አይስተካከልም። በ1944 ሁለተኛ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት ሂትለር ከለከለው የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክም እውነት አይደለም፤ በእጩነት ከመቅረብ አላለፈም።

በ1945 የሶቪየት ጦር ሲገባ የተቋሙን መሣሪያዎች ነቅሎ ወሰደ። ዋርቡርግ ለጥቂት ዓመታት ያለ ቤተ ሙከራ ተቀመጠ፤ ወደ አሜሪካ ሄዶም ሠራ። በ1950 የዳህለሙ ሕንጻ ዳግም ተከፈተለት፤ በ1953 ተቋሙ ወደ ማክስ ፕላንክ ማኅበር ተጠቃለለ።

የኋለኛው ዘመን ሙግት የበዛበት ነው። ዕፅዋት አንድ ሞለኪውል ኦክስጅን ለማውጣት አራት የብርሃን ቅንጣት ይበቃቸዋል ሲል፣ በእርሱ ዘንድ ዶክትሬቱን የሠራው አሜሪካዊው ሮበርት ኤመርሰን ስምንትና ከዚያ በላይ ነው አለ። ሁለቱም የሚለኩት በአንድ ዓይነት ማኖሜትር ነበር። ታሪክ ለተማሪው ፈረደ፤ መምህሩ ግን አልተረታም። ካንሰርንም በሚመለከት በ1966 በሊንዳው የኖቤል ተሸላሚዎች ጉባኤ የ1920ዎቹን ድምዳሜውን ሳይቀንስ ደገመ። ሚስት አላገባም፤ ያኮብ ሃይስ ከተባለ ወዳጁና ጸሐፊው ጋር ለአሥርት ዓመታት ኖረ። ኬሚካል የነካው ምግብ ካንሰር ያመጣል ብሎ ስለሚፈራ እንጀራው በቤቱ ይጋገርለት ነበር (የእኛውን እንጀራ ሳይሆን ዳቦውን ማለቴ ነው)። በ1968 ከመሰላል ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ፤ ጤናው አልተመለሰም፤ በኦገስት 1 ቀን 1970 በበርሊን በ86 ዓመቱ ዐረፈ።

ማኖሜትሩ ያላየው

የዋርቡርግ ጠርሙስ የሚነግረን የሚሊዮን ህዋሳትን አማካይ ነው። ለጉበት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የጉበት ህዋስ ከጎረቤቱ እጅግ አይለይም። አንጎል ግን እንዲህ አይደለም። በአንዲት ስስ ቁራጭ ውስጥ ነርቭ ህዋስና ደጋፊ ህዋሳት ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ከነርቮቹም መካከል በሽታው የሚመርጠው ጥቂቶቹን ነው። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚሠሩትን፣ ጓያ የእንቅስቃሴ ነርቮችን ይመርጣል። ከመቶ አንዱ ህዋስ ቢታፈን አማካዩ ሳይነቃነቅ ሊቀር ይችላል።

ሆኖም ስለ እነዚህ በሽታዎች የምናውቀው አብዛኛው የመጣው በእርሱ መንገድ ነው። በ1989 በፓርኪንሰን በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የማይቶኮንድሪያ የመጀመሪያው የመተንፈሻ ኢንዛይም፣ ማለትም ከኤንኤዲኤች ኤሌክትሮን የሚቀበለው ኮምፕሌክስ አንድ፣ ተዳክሞ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባንጋሎር የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአይጥ አንጎል ስስ ቁራጭ ለጓያው መርዝ ሲያጋልጡ የተጎዳው ይኸው ኢንዛይም ሆኖ አገኙት፤ ጉዳቱም እንቅስቃሴን በሚያዝዘው የአንጎል ክፍልና በታችኛው የአከርካሪ ክፍል ይበረታ ነበር። ግኝቱ ተከራካሪ አላጣም፤ ሌሎች በለዩት ማይቶኮንድሪያ ላይ አልታየም፤ መርዙ በቅድሚያ የግሉታሜት ተቀባዮችን በመቀስቀስ ህዋሱን ያደክማል የሚለው ማስረጃም ጠንካራ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው መሣሪያው ነው። ቁራጩ የዋርቡርግ፣ የተለካው ተባባሪ ኢንዛይም የዋርቡርግ፣ ክርክሩም ያው የልኬትና የምክንያት ክርክር ነው፤ የኢንዛይሙ መድከም የበሽታው መነሻ ነው ወይስ የሚሞት ህዋስ ምልክት? ይህን የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ለማየት ደግሞ በአንዲት ህያው ህዋስ ውስጥ ለሰዓታት መቀመጥ ያስፈልጋል።

የናኖ ሴንሰር ተስፋ ከዚህ ላይ ነው። የሰው ቀይ የደም ህዋስ ስፋቱ ሰባት ሺህ ናኖሜትር ገደማ ነው፤ በ1990ዎቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በራውል ኮፐልማን ቤተ ሙከራ የተሠሩት የፖሊመር እንክብሎች ግን በአሥሮችና በመቶዎች ናኖሜትር የሚለኩ ነበሩ። በእንክብሉ ውስጥ ሁለት ቀለም ይቀመጣል፤ አንዱ የሚለካውን ነገር ሲያገኝ ድምቀቱ ይለወጣል፣ ሌላው አይለወጥም። የሁለቱ ንጽጽር ሲነበብ እንክብሉ በአንድ ቦታ በዝቶ በሌላው ቢያንስም ልኬቱ አይዛባም። ለኦክስጅን የሚመረጠው ፕላቲነም የያዘ የፖርፊሪን ቀለም ነው፤ ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ቶሎ ይጠፋል፤ የሚጠፋበት ጊዜ ተለክቶ መጠኑ ይታወቃል። ፖርፊሪኑ ዋርቡርግ በካርቦን ሞኖክሳይድና በብርሃን ያነበበው የመተንፈሻ ኢንዛይም ቀለም ዘመድ መሆኑ ለእኔ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ኤንኤዲኤች ደግሞ ሴንሰር ሳይገባ ራሱ ያበራል፤ በ340 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ሲቀበል በ460 አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። ሁለቱን በአንዲት ህዋስ ላይ ጎን ለጎን ማንበብ፣ ህዋሱ ምግቡን ይዞ መቃጠሉ እንደ ቀረ ወይም ምግቡ ራሱ እንዳነሰ ይለያል።

ችግሩም በዚያው ልክ ነው። ህዋስ ከውጭ የመጣን እንክብል ሲውጥ ብዙ ጊዜ ወደ ሊሶዞም፣ ማለትም ወደ አሲዳማው የቆሻሻ መፍጫው፣ ያስገባዋል። እዚያ የተቀመጠ ሴንሰር በትክክል ይለካል፤ የሚለካው ግን ሊሶዞሙን ነው። ቁጥሩን ያነበበ ሰው የህዋሱ ውስጥ አሲድ ሆኗል ብሎ ቢጽፍ፣ ልኬቱ ሳይሳሳት እርሱ ይሳሳታል። እንደዚሁም የሚበራው ቀለም ኦክስጅንን ወደ ጎጂ መልክ ሊለውጥና ሊለካ የመጣበትን ህዋስ ሊጎዳ ይችላል። ዋርቡርግ ቁራጩን ከመቁረጡ በፊት የውፍረቱን ሒሳብ እንደ ሠራ ሁሉ፣ እዚህም መርዙ ከመጨመሩ በፊት የሚሠራ ሒሳብ አለ።

በዚህ ምክንያት በጥናት ንድፌ የመጀመሪያው ሙከራ ጓያ የለበትም። ከአይጥ ሽል የተገኙ የእንቅስቃሴ ነርቭ ህዋሳት በሁለት ሳህን ይከፈላሉ። አንዱ ሳህን ሴንሰር ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም፤ ሁለቱም ለአንድ ቀንና ሌሊት ይቀመጣሉ። ከዚያም የሁለቱም ሳህን የኦክስጅን አወሳሰድ ከውጭ በኤሌክትሮድ ይለካል። ሴንሰር የዋጠው ሳህን እንዳልዋጠው እኩል ከተነፈሰ ቤታ-ኦዳፕ በሦስተኛው ቀን ይጨመራል፤ እኩል ካልተነፈሰ የእንክብሉ መጠን ተቀንሶ ከመጀመሪያው ይጀመራል።